ሕፃን በቅቤ ሚዛን

"ስምንት ወር ሙሉ ክሊኒክ ውስጥ ነው የሠራሁት። እኔ እኮ ሕፃን ለመመዘን ሚዛንም አያስፈልገኝ፤ ዓይቼ ብቻ ኪሎውን እነግራችኋለሁ" አለች ዜማ፣ አምስት ቀን የሞላውን የእህቷን ልጅ በቅቤ ሚዛን ሳህን ላይ እያጋደመች።

"የማያስፈልግሽ ከሆነ ታዲያ የኔን ሚዛን ምን ልትሠሪበት አወጣሽው?" አሉ እማማ ወለተ ሰንበት።

እማማ ወለተ ሰንበት የሕፃኑ የአባቱ እናት ናቸው። ሚዛኑን ከልጃቸው ከታረቀኝ ቀጥሎ ነው የሚሳሱለት። ቅዳሜ ቅዳሜ አምበር ገበያ ወስደው ቅቤ ይሸጡበታል፤ ሌላውን ቀን በነጠላ ተጠቅልሎ ከሣጥኑ ላይ ይቀመጣል። ዛሬ ጠዋት ነጠላው ተፈቶ፣ ሚዛኑ አራሷ ከተኛችበት መደብ ሥር ተቀምጦ ሲያዩት ቅር ብሏቸዋል።

የሳህኑ ብረት ጀርባውን ሲነካው ሕፃኑ ሁለት እጁን ወደ ላይ ወርውሮ ቤቱን በጩኸት ሞላው። ወዲያው ደግሞ ሽንቱን ሽቅብ ለቀቀው። ግማሹ ሳህኑ ውስጥ ቀረ፣ ግማሹ የዜማን እጅጌ አገኘው።

"ይኸው፣ መልስሽን ሰጠሽ" አሉ እማማ ወለተ ሰንበት። "ሕፃን እንደ ቅቤ ይመዘናል? ሰው ሲቆጥሩት ይቀንሳል ሲባል አልሰማሽም?"

"ይኼ እኮ ዘመናዊ ነው፣ እማማ። ዝም ይበሉና ይዩ።"

መርፌው ወዲያ ወዲህ ሲል ቆይቶ ሦስት ላይ ቆመ። ዜማ እህቷ ስትወልድ ከጤና ጣቢያ የተሰጣትን ወረቀት ከትራስ ሥር ሳበችና አነበበች። ክብደት፣ ሦስት ነጥብ ሁለት። ደግማ መርፌውን አየች፤ ሦስት። ሰባተኛ ክፍል ላይ ያቋረጠች ብትሆንም መቀነስ አይጠፋትም።

"እታለም" አለች። ታላቅ እህቷን የብርጓልን እንደዚህ ነው የምትጠራት። "ሁለት መቶ ግራም ጎድሏል።"

የብርጓል ከተኛችበት ብድግ አለች። "ምን ማለት ነው ጎድሏል? ሌት ተቀን እየጠባ?"

"ቆይ፣ አትደንግጪ። ሌላውን ልለካ።"

ከዚህ በኋላ ዜማን ያቆማት ሰው አልነበረም። ሕፃኑን አባብላ ዝም አሰኘችና ከቦርሳዋ የልብስ ሰፊ ሜትር አወጣች። የሕፃኑን ራስ ዙሪያውን ለካች፤ ሠላሳ አራት። ደረቱን ለካች፤ ሠላሳ ሁለት። "ራሱ ከደረቱ ይበልጣል" አለችና ከንፈሯን ነከሰች። ክሊኒኩ ዕቃ ሲያድስ ጥሎት እሷ ያነሳችውን ቴርሞሜትር ብብቱ ሥር ከተተች፤ ሠላሳ ስድስት ነጥብ ስምንት። እሱን አይታ ዝም አለች። ሆዱ ስንት ጊዜ ከፍ ዝቅ እንደሚል በስልኳ ሰዓት ይዛ ቆጠረች፤ አርባ ስምንት። በመጨረሻ ሁለት ጣቷን ከደረቱ ላይ አስቀምጣ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆጠረች።

"መቶ አርባ ሁለት።"

"መቶ አርባ ሁለት ምን?" አለች የብርጓል።

"የልብ ምቱ። ሰው ከስልሳ እስከ መቶ ነው የሚመታው። ትንፋሽ ደግሞ ከአሥራ ሁለት እስከ ሃያ። የሱ አርባ ስምንት ነው። እጥፍ ሆኗል፤ ኧረ ከእጥፍም በላይ። ራሱም አብጧል መሰለኝ።"

እነዚህን ቁጥሮች ዜማ እንደ አባታችን ሆይ ነው የምታውቃቸው። ደብረ ማርቆስ፣ ትሠራበት በነበረው ክሊኒክ ግድግዳ ላይ በመስተዋት ተለብጠው ተሰቅለዋል፤ በየቀኑ ጠዋት እያየቻቸው ስምንት ወር ቆይታለች። ቁጥር አይዋሽም፤ እሷም አልዋሸችም። ስለዚህ እህቷ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ማልቀስ ስትጀምር ዜማ አዘነች እንጂ የጥፋተኝነት ስሜት አልተሰማትም። እንዲያውም በልቧ፣ እኔ ባልኖር ኖሮ ማን ይደርስበት ነበር ብላ ነበር።

ችግሩ፣ ቁጥሩን ያመነው ሰው ሌላ ሆኖ ተገኘ።

እማማ ወለተ ሰንበት እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሁሉንም ነገር ሲነቅፉ የቆዩ ሴት፣ መቶ አርባ ሁለት የሚለውን ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ። ከበርጩማቸው ተነሥተው ሕፃኑን ከሳህኑ ላይ ወሰዱና ጆሯቸውን ከአፉ አስጠጉ።

"እኔ አላልኩም? ትናንትም ሲተነፍስ ይፈጥናል አላልኳችሁም? ሁለተኛው ልጄ እንዲህ እየተነፈሰ ነው የሄደብኝ። ሰባት ቀን እንኳ አልሞላውም። እንጥሉ ወርዶ ነው፤ ዘግይቶ ነው የታወቀን።" በሩ ላይ ቆማ ታዳምጥ ወደነበረችው ጎረቤታቸው ዞሩ። "የኔአለም፣ በሞቴ፣ ወንዝ ማዶ ዝለቂና አያ ደመላሽን ጥሪልኝ። እንጥል ሊቆርጥ ነው በይው፣ ብረቱን ይዞ ይምጣ። ውድማ ላይ ቢሆንም ጥሎ ይምጣ።"

የኔአለም ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

ዜማ የሰማችው አልመሰላትም።

"እማማ፣ እንጥል አይቆረጥም እኮ።"

"ማን አለ?"

"ሁሉም ነው የሚለው። ትምህርት ቤት ተምረናል። ክሊኒክም..."

"ታረቀኝ ተቆርጧል፤ ይኸው በሬ ጠምዶ ይውላል። እኔ ተቆርጫለሁ፤ ይኸው ካንች ጋር እከራከራለሁ።"

"እሱ ድሮ ነው!"

"ታዲያ ልጁ ታሟል ወይስ አልታመመም? አንች አይደለሽም እንዴ መቶ አርባ ምናምን ያልሽው? እኔ ቁጥር አላውቅ፤ አንች ነሽ ያወቅሽ።"

ለዜማ በገዛ ዱላዋ መመታት ማለት ይኼ ነው። ጠዋት ሙሉ ስለ ልኬት ስትናገር አንድ ቃሏን ያልተቀበሉ ሴት፣ አሁን ቁጥሯን ነጥቀው በቁጥሯ ይሟገቷታል።

"እሺ፣ ጤና ጣቢያ እንውሰደው" አለች።

"አራስ ከነልጇ በዚህ ብርድ፣ በዚህ ነፋስ፣ ክርስትና ሳይነሣ? አብደሻል? አንድ ሰዓት ሙሉ በእግር?"

"እታለም፣ አንቺ ተናገሪ እንጂ።"

የብርጓል ግን ልጇን እያየች እንባዋን በኩታዋ ጫፍ ትጠርጋለች። "ዜማዬ" አለች በመጨረሻ፣ "አንቺ ነሽ ሐኪም ቤት የሠራሽው። ብቻ እንዳይሞትብኝ።"

ዜማ የሕፃን እንጥል ሲቆረጥ አላየችም። ከተቆረጠ በኋላ የሚሆነውን ግን አይታለች። መስከረም ላይ ከጉንደ ወይን አካባቢ የመጣች አንዲት እናት ሕፃን ታቅፋ ክሊኒኩ በር ላይ ደረሰች፤ የታቀፈችበት ነጠላ ከአገጩ በታች ሌላ ቀለም ሆኗል። ሐኪሞቹ ተራወጡ፤ መኪና ተጠራና ወደ ሆስፒታል ተወሰደ። ከዚያ በኋላ የት እንደደረሰ ለዜማ የነገራት የለም። ከበሩ እስከ አልጋው ድረስ ያለው ወለል ግን ሁለት ባልዲ ውኃ ፈጅቷል። ያን ወለል የጠረገችው ራሷ ናት።

ይህን ለማንም አልነገረችም። ከነገረች፣ ወለሉን አንቺ ለምን ጠረግሽው የሚል ጥያቄ ይመጣል። እህቷ ደግሞ ዜማ ክሊኒክ ውስጥ መርፌ እንደምትወጋ ለሰፈር ሁሉ አውርታለች። ዜማም አልወጋም ብላ አታውቅም።

"እኔ ኤክስቴንሽኗን ልጥራ" አለችና ጫማዋን ሳታስር ወጣች።

ወደ ጤና ኬላው የሚወስደው መንገድ በታረቀኝ አውድማ አጠገብ ያልፋል። ታረቀኝ ስድስት በሬ አቀናጅቶ ጤፉን ያስረግጣል፤ ጭዱ ፀጉሩ ላይ ሰፍሮ ሽማግሌ አስመስሎታል። ዜማ ከሩቅ ጮኸችበት።

"አያ ታረቀኝ፣ ቤት ግባ! እናትህ ሕፃኑን እንጥል ሊያስቆርጡት ነው።"

ታረቀኝ በሬዎቹን ሳያቆም ዞር አለ። "ታመመ እንዴ?"

"ማለት... የልብ ምቱ መቶ አርባ ሁለት ነው።"

"እሱ ብዙ ነው ትንሽ?"

"ብዙ።"

"ታዲያ ታሟላ።"

"ታሟል፤ ግን አይቆረጥም።"

"ከታመመ ምን ይደረግ? አንቺ የምታክሚው ከሆነ አክሚው፤ እናቴ የምታስቆርጠው ከሆነች ታስቆርጠው። እኔ ነፋሱ ሳይቆም ይህንን ካላነሣሁ የዓመት ጉርሴ እዚህ ይቀራል።" ጅራፉን አነሣና ድንገት ቆመ። ድምፁ ቀነሰ። "ዜማ፣ ይተርፋል?"

ዜማ ወደ ጤና ኬላው ሮጠች።

ጤና ኬላው ጉብታው ላይ ነው፤ አንድ ክፍል፣ አንድ በረንዳ፣ አንድ የግራር ጥላ። የተመረጠላት ቀን ዕድሏን ይመስላል፤ የክትባት ቀን ነው። በረንዳው ከጫፍ እስከ ጫፍ ልጅ ያዘሉ ሴቶች ሞልተውታል። መሲ፣ የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ የክትባቱን ሣጥን በጉልበቶቿ መሐል አድርጋ፣ በአንድ እጇ መርፌ፣ በሌላው እስክሪብቶ ይዛ ተቀምጣለች። ፊቷ ላይ የሚታየው፣ ከማለዳ ጀምሮ ወረፋ ጠብቂ ስትል የዋለች ሰው ፊት ነው።

"ወረፋ ጠብቂ" አለች ዜማን ሳታያት።

"መሲ፣ እኔ ነኝ። የእህቴ ልጅ ታሟል።"

መሲ ቀና አለች። "የየብርጓል? በሦስተኛው ቀን መጥቼ ላየው ነበር፤ ይኸው ይህ ዘመቻ ያዘኝ። ምን ሆነ?"

"የልብ ምቱ መቶ አርባ ሁለት።"

"እያለቀሰ ነው የቆጠርሽው?"

"የለም፤ አባብዬው፣ ዝም ብሎ።"

"ደህና ነው" አለች መሲና የሚቀጥለውን ሕፃን ጭን በጥጥ ጠረገች።

"አልሰማሽኝም እንዴ? መቶ አርባ ሁለት ነው የምልሽ።"

"ሰምቼሻለሁ። አዲስ የተወለደ ሕፃን ከመቶ ሃያ እስከ መቶ ስልሳ ይመታል። ሌላስ?"

"ትንፋሹ አርባ ስምንት።"

"እስከ ስልሳ ድረስ ደህና ነው።"

"ራሱ ሠላሳ አራት፣ ደረቱ ሠላሳ ሁለት። ራሱ ከደረቱ ይበልጣል!"

"መብለጥ አለበት። ሁሉም ሕፃን ሲወለድ ራሱ ይበልጣል፤ ሌላው አካሉ ቀስ ብሎ ነው የሚደርስበት።" መርፌውን ወጋች፤ ሕፃኑ አለቀሰ፤ እናቲቱ አብራ አለቀሰች። "ሌላስ?"

"ሁለት መቶ ግራም ቀንሷል።"

"በመጀመሪያው ሳምንት ይቀንሳል። ይዞት የመጣው ውኃ ይወጣል፤ በአሥረኛው ቀን ግድም ወደ ነበረበት ይመለሳል። ጡቱን ይይዛል?"

"እንደ ጥጃ ነው የሚይዘው።"

"ሙቀቱን ለክተሻል?"

"ሠላሳ ስድስት ነጥብ ስምንት።"

መሲ አሁን እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "እሱ ደህና እንደሆነ አላወቅሽም?"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ እሱን ነግረሻቸዋል?"

"ደህና ስለሆነ አልተናገርኩም።"

መሲ ወደ ሰማይ አየች። ሰማዩ ላይ ምንም አልነበረም። ከወረፋው አንዲት ሴት ሳቀች።

"ከየት ያመጣሽው ነው ከስልሳ እስከ መቶ የሚለውን?" አለች መሲ።

"ከክሊኒክ። ግድግዳው ላይ አለ።"

"ሥዕል አለው?"

"አለው። የሰው ሆድ ዕቃ የሚታይበት። ሰውየው ጢም አለው።"

"ጢም አለው" አለች መሲ ቀስ ብላ፣ እንደ ፍርድ። "ሕፃኑ ጢም አለው?"

ዜማ የምትገባበት ጉድጓድ አጣች። ግን ጉድጓድ የመፈለጊያ ጊዜ አልነበረም። "መሲ፣ አንድ ነገር አልነገርኩሽም። እማማ ወለተ ሰንበት ቁጥሩን ሰምተው አያ ደመላሽን አስጠርተዋል። እንጥሉን ሊቆርጡት ነው።"

መሲ ከመቀመጫዋ ተነሣች። ሣጥኑን አየች። በረንዳውን አየች። ሁለት ሰዓት ተጉዘው የመጡ፣ ሣጥኑ ውስጥ ያለው በረዶ ሳይቀልጥ መከተብ ያለባቸው ልጆች ናቸው። ተመልሳ ተቀመጠች።

"ይህንን ጥዬ ብወጣ ክትባቱ ይበላሻል፤ እነዚህም ዳግመኛ አይመጡልኝም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እመጣለሁ። እስከዚያ አንቺ አስቁሚው።"

"እሳቸው እኔን አይሰሙኝም!"

"ታሟል ስትያቸው ሰምተውሻል አይደል? አሁን ደግሞ አልታመመም በያቸው። ተሳስቻለሁ በያቸው።" መሲ አዲስ መርፌ እየፈታች ጨመረች፦ "ሰምተሽ ያዢ። ጡት እምቢ ካለ፣ ተረጋግቶ ተኝቶ ሳለ ትንፋሹ ከስልሳ ካለፈ፣ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከጎደጎደ፣ ሰውነቱ ከጋለ ወይ ከቀዘቀዘ፣ ያን ጊዜ ክትባቱንም ጥዬ እመጣለሁ። ከዚህ ውጭ ሕፃኑ ከአንቺ የተሻለ ጤና ነው ያለው። ሂጂ።"

ዜማ ቁልቁለቱን ስትወርድ ተሳስቻለሁ የሚለውን ቃል በአፏ ውስጥ እያገላበጠችው ነበር። እንደ ኮሶ ነው። ዕድሜዋ አሥራ ስድስት ሲሆን፣ ይህን ቃል ያለ ዱላ የተናገረችበትን ቀን አታስታውስም። መንገድ ላይ የተሻሉ ቃላት ፈለገች። ቁጥሩ ተሻሽሏል ብትልስ? ስልኬ ሰዓቱን አዛብቶት ነው ብትልስ? ስልኩ የቻይና ነው፤ ያምናሉ። አውድማው አጠገብ ስትደርስ ታረቀኝ በሬዎቹን ፈትቶ ወደ ቤት ሲሮጥ ከኋላው አየችው። ያኔ የስልኩን ነገር ተወችው።

ቤት ስትገባ አያ ደመላሽ ደርሰዋል። ንጹሕ ነጭ ኩታ የለበሱ፣ ረጋ ያሉ፣ ጢማቸው የተከረከመ ሽማግሌ ናቸው። መደቡ ላይ ከፊታቸው አንዲት የቆዳ ከረጢት ተፈታለች፤ ውስጧ አንድ ጫፉ የተቆለመመ ቀጭን ብረትና የተጠቀለለ የፈረስ ጭራ አለ። ብረቱን አረቄ በነከረ ጨርቅ ያብሳሉ። እማማ ወለተ ሰንበት ሕፃኑን ታቅፈው አጠገባቸው ተቀምጠዋል። ታረቀኝ በሩ ላይ ጭዱን ሳያራግፍ ቆሟል።

"ይቺ ናት ሐኪሟ?" አሉ አያ ደመላሽ ፈገግ ብለው።

"አዎ" አሉ እማማ ወለተ ሰንበት። "እሷ ናት የደረሰችበት።"

"አልደረስኩበትም" አለች ዜማ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። "ተሳስቼ ነው። ሕፃኑ ደህና ነው። መሲን ጠይቄያለሁ፤ መቶ አርባ ሁለት ለሕፃን ልኩ ነው አለች። ትንፋሹም ልኩ ነው። ራሱም። ኪሎውም።"

እማማ ወለተ ሰንበት እጃቸውን አወናጨፉ። "መሲማ ምን ትበል? ከላይ የታዘዘችውን ነው የምትለው። እንጥል አይቆረጥ ስለተባለች እሱን ለመሸፈን ነው።"

"እማማ፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት!"

"ጠዋት ነው ያወቅሽው። አሁን መሲ አስፈራርታሽ ነው።"

ዜማ ፀጉሯን በሁለት እጇ ያዘች። ውሸት ባይሆንም ስሕተት ስትናገር አንድም ሰው ቁጥሯን አልጠየቀም፤ አሁን እውነቱን ስትናገር ምስክር ቁጠሪ ይሏታል። አያ ደመላሽ ብረቱን ወደ ብርሃን አንሥተው አዩት።

"ቁጥሩን ከየት አመጣሽው?" አለች የብርጓል ከመደቡ ላይ። ድምፅዋ ቀጥ ያለ ነበር። "ዜማ፣ እኔን እዪኝ። ጠዋት ያልሽውን ቁጥር ከየት አመጣሽው?"

"ከክሊኒኩ ግድግዳ። የትልቅ ሰው ልክ ነው። የሕፃን መስሎኝ... ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት መስሎኝ።"

"ሐኪሞቹ አላስተማሩሽም?"

"ሐኪሞቹ ለእኔ ምንም አያስተምሩኝም። መርፌም ወግቼ አላውቅም። ጽዳት ነበርኩ፣ እታለም። ወለል ነበር የምጠርገው። ያን ግድግዳም መስተዋቱን ስወለውል ነው ያነበብኩት።"

የብርጓል ቀና ብላ ተቀመጠች። "ስምንት ወር?"

"ስምንት ወር።"

"እኔ ለየኔአለም መርፌ ትወጋለች ብያታለሁ።"

"አውቃለሁ።"

አንዴ ከጀመረች ማቆም አልሆነላትም። "የጠረግኩትን ግን ልንገራችሁ" አለችና የመስከረሙን ነገረቻቸው። በሩን፣ ነጠላውን፣ ሁለቱን ባልዲ። ደሙ ደርቆ ከሲሚንቶው አልለቅ ብሏት በጥፍሯ እንደፋቀችው ነገረቻቸው። "ቁጥር አላውቅ ይሆናል። እሱን ግን በጉልበቴ ተንበርክኬ ነው ያጠብኩት። የዚህን ልጅ አላጥብም።"

ሕፃኑ እጁን ከጨርቁ አውጥቶ አፉን ወደ እማማ ወለተ ሰንበት ቀሚስ እያስጠጋ ጡት ይፈልግ ጀመር። አላገኘም፤ ተነጫነጨ።

"ልጄን አምጡልኝ" አለች የብርጓል።

"ጥቂት ይቆይ፤ አያ ደመላሽ..."

"እማማ። ልጄን ይስጡኝ።"

በዚህ ቤት ምራት አማቷን እንዲህ ተናግራ አታውቅም። እማማ ወለተ ሰንበት ልጃቸውን አዩ፤ ታረቀኝ መሬት መሬት አየ፤ ከዚያ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ሕፃኑ ከእጅ ወደ እጅ አለፈ። የብርጓል ጡቷን አወጣች፤ እሱም እንደ መዥገር ተጣበቀ። የሚውጠው እስከ በሩ ድረስ ይሰማል።

"ያ የርስዎ ልጅ" አለች የብርጓል፣ ከልጇ ዓይኗን ሳታነሣ፣ አሁን ለስለስ ብላ፣ "ጡት ይይዝ ነበር?"

እማማ ወለተ ሰንበት የሻሻቸውን ጫፍ በጣታቸው ጠቀለሉ፣ ፈቱ። "አይይዝም ነበር" አሉ። "በሦስተኛው ቀን እምቢ አለ። አስቆረጥኩት። በአራተኛው..." አልጨረሱትም።

"ይኼ ይይዛል። ማታ መሲ ትምጣና ትየው። እስከዚያ ማንም አይነካውም።"

አያ ደመላሽ ብረቱን በጨርቁ ጠቀለሉ። የተቆጡ አይመስሉም፤ አውድማ ጥሎ የመጣ ሰው ያህል ብቻ ደክሟቸዋል። "እናት እምቢ ካለች እጄን አላነሣም" አሉ። "ብቻ ከወንዝ ማዶ ድረስ ያስሮጠኝ ያ ቁጥር ምን እንደሆነ ይገባኝ። ነይ እስቲ የእኔን ቁጠሪ።" የግራ እጃቸውን ዘረጉ።

ዜማ ፊቷ እንደጋለ ስልኳን አወጣች። አንጓቸውን ይዛ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆጠረች።

"ሰማንያ ስምንት።"

"ደህና ነው?"

"እርስዎ ጢም አለዎት" አለች ዜማ። "የእርስዎ ልክ ነው።"

ታረቀኝ ሳያስበው ሳቀ። የብርጓልም ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። አያ ደመላሽ ምኑ እንደሚያስቅ ባይገባቸውም ጢማቸውን ዳሰሱና ከረጢታቸውን በብብታቸው ይዘው ተነሡ፤ ታረቀኝ ሊሸኛቸው ወጣ።

የእህቷ ፈገግታ ለዜማ እንደ ምሕረት ተሰማት። ምሕረት ደግሞ ለዜማ ብዙ ጊዜ አይቆይላትም፤ ወዲያው ወደ ሌላ ነገር ይለወጣል። እህቷ አጠገብ መደቡ ላይ ተቀመጠችና ሜትሩን በጣቷ እየጠቀለለች ጉሮሮዋን ጠረገች።

"እንግዲህ" አለች፣ "ከዛሬ ጀምሮ ትንፋሹን ጠዋትና ማታ የምቆጥረው እኔ ነኝ። ከመቶ ሃያ እስከ መቶ ስልሳ፣ እስከ ስልሳ፣ ሁሉንም ይዤዋለሁ። በዚህ ሰፈር ከመሲ ሌላ ትክክለኛውን የሕፃን ልክ የሚያውቅ እኔን..."

"ዜማ" አሉ እማማ ወለተ ሰንበት።

"አቤት?"

"ሚዛኔ ሽንት እንደሞላ ተቀምጧል። መጥረግ ከሆነ ሙያሽ፣ እጠቢው። ቅዳሜ ቅቤ እሸጥበታለሁ።"